የሩት ነጋን ሀብት ማን ቆጠረው?

ስለ ተዋናይት ሩት ነጋ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ቴሌግራም ላይ አለ። ፌስቡክ ላይ አለ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሙዚቃ ከጀርባ ገብቶለት በድምፅ ይነበባል። ብዙ ሰው ወዶታል፤ ለምን እንደወደደውም ይገባኛል። እኔ ግን ከግማሽ በላዩ ልክ አይደለም ባይ ነኝ።

ላላነበበው ሰው ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ሩት ማንም ሳያውቃት ኖራ «ላቪንግ» በተባለ ፊልም በአንድ ጀንበር ኮከብ ሆነች ይላል። ለኦስካር ከታጨች ወዲህ ገንዘቡ እንደጎረፈላት ይተርክና የሀብቷን መጠን በሚሊዮን ዶላር ቁጥር ጠርቶ ያስቀምጣል። ለዚህ ያበቃት መልኳና ዕድሏ መሆኑንም ያክላል። ከዚያ ትንሽ ቅር ይለዋል፦ ኢትዮጵያዊነቷን ትታ «አይሪሽ ነኝ» ማለት መርጣለች ይላል። መጨረሻ ላይ ወደ አገር ቤት ይዞርና ተዋንያኖቻችን እንደ እሷ ጠንክረው ቢሠሩ እነሱም ሀብታም በሆኑ ነበር ብሎ ይዘጋል።

መጀመሪያ ትክክል የሆነውን ልስጥ። ሩት የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፤ እውነት ነው። በ2017 በተካሄደው ኦስካር በምርጥ ሴት መሪ ተዋናይነት ታጭታለች፤ እሱም እውነት ነው። አብረዋት የታጩት ኢዛቤል ሁፐርት፣ ናታሊ ፖርትማን፣ ሜሪል ስትሪፕና ኤማ ስቶን ነበሩ። ሽልማቱን የወሰደችው ኤማ ስቶን ናት። እንዲህ ካለ ሰልፍ ውስጥ መቆም በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ቢኮሩ አልፈርድባቸውም። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«በአንድ ጀንበር» የሚለው ግን ለወሬ ይጥማል እንጂ ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። ሩት ትወና የተማረችው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። በ2004 «ካፒታል ሌተርስ» በተባለ የአየርላንድ ፊልም ላይ ሠራች። በዓመቱ የታወቀው ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ውስጥ አስገባት፤ ለእሷ ሲል ድርሰቱን እንዳስተካከለም ይነገራል። በ2006 በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል «ሹቲንግ ስታርስ» ተብለው ከተመረጡት የአውሮፓ ወጣት ተዋንያን አንዷ ነበረች። እስቲ ልብ በሉ፤ «ላቪንግ» ሊወጣ ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል።

ከዚያም መድረክ አለ። በ2009 በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ከሄለን ሚረን ጋር «ፌድር»ን ሠራች። ያ ቴአትር ብሔራዊ ቴአትሩ በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ያሰራጨው የመጀመሪያው ነው። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ቤት በ«ሐምሌት» ኦፊሊያን ሆነች። በቴሌቪዥን በእንግሊዙ «ሚስፊትስ»፣ በአየርላንዱ የወንጀል ድራማ «ላቭ/ሄት» ታየች። በ2011 ቢቢሲ ስለ ዘፋኟ ሸርሊ ባሲ በሠራው ፊልም ዘፋኟን ራሷን ሆና ተጫወተች። ከዚያ አሜሪካ። በማርቭሉ «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ሬይና የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ይዛ ቆየች። በብራድ ፒቱ «ወርልድ ዋር ዚ» ላይ ትንሽ ቦታ ነበራት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ፈጽሞ አያነሳውም። ሩት «ቱዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» ላይም ተቀርጻ ነበር። ፊልሙ ተቆርጦ ሲጠናቀቅ የእሷ ትዕይንት አብሮ ተቆረጠ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወሰደ። እሷ ስክሪኑ ላይ የለችም። የዚህን ሙያ ኑሮ ከማንኛውም የሽልማት ፎቶ በላይ የሚያሳየው ይሄ ይመስለኛል።

ታዲያ «በአንድ ጀንበር» የመጣው ከየት ነው? ከመውጫ ቀኖች። በ2016 በግንቦት አጋማሽ «ላቪንግ» ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ሳምንት ሳይሞላ «ፕሪቸር» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤኤምሲ ጀመረ። በሰኔ መጀመሪያ «ዋርክራፍት» አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገባ። ሦስቱም ላይ ሩት አለች። «ዋርክራፍት» የተቀረጸው ግን በ2014 ነበር። የዓመታት ሥራ በአንድ ወር ውስጥ ተገጣጥሞ ሲወጣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ሰማይ የወረደ ይመስላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጽሑፉን ያሰራጨው ይኸው ነውና እኔም እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጽሑፉ የጠራውን ቁጥር አልደግመውም። ያልተጣራ ቁጥር በተደገመ ቁጥር እውነት እየመሰለ ይሄዳል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማን ቆጠረው? ጽሑፉ የጠቀሰው ውል የለም። የጠቀሰው ደመወዝ የለም። «ሩት በዚህ ቃለ ምልልስ እንዲህ አለች» የሚል መስመርም የለውም። ያለው የዝነኞችን ሀብት እንገምታለን ከሚሉ ድረ ገጾች የተቀዳ ቁጥር ነው። እነዚህ ድረ ገጾች የማንንም የባንክ ደብተር አያዩም። የዚያን ሰው ዕዳ፣ ግብር፣ የቤት ኪራይ አያውቁም። አንዱ ይገምታል፣ ሌላው ከእሱ ይቀዳል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ምንጭ አድርጎ ይጠቅሳል። በመጨረሻ ወደ አማርኛ ይመጣና «ሀብቷ ተረጋገጠ» ይባላል።

የተዋንያን ክፍያ ጨርሶ አይታወቅም ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ ይታወቃል። የ«ግሬይስ አናቶሚ»ዋ ኤለን ፖምፒዮ በ2018 በዓመት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝላትን ውል ራሷ ወጥታ ተናግራለች፤ ለአንድ ክፍል 575,000 ዶላር። የ«ፍሬንድስ» ስድስት ተዋንያን በአንድ ላይ እየተደራደሩ ለአንድ ክፍል ከ22,500 ዶላር ተነስተው 1 ሚሊዮን ደርሰዋል። እነዚህን ቁጥሮች የምናምናቸው የተናገረ ሰው ወይም የተዘገበ ድርድር ስላለ ነው። በሩት ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድም ነገር አላገኘሁም።

ደግሞስ ዝናና ክፍያ አብረው ይሄዳሉ ያለው ማን ነው? 2016ን እንደገና እንየው። የሩት ስም ከመቼውም በላይ የተጠራበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ፎርብስ ባወጣው የከፍተኛ ተከፋይ ተዋናይት ዝርዝር አንደኛዋ ጄኒፈር ሎረንስ ነበረች፣ 46 ሚሊዮን ዶላር። አሥረኛዋ የቦሊውዷ ዲፒካ ፓዱኮኔ፣ 10 ሚሊዮን። ሩት ከአሥሩ አንዷ አይደለችም።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። «ላቪንግ» ነጭና ጥቁር በመሆናቸው በ1958 መጋባታቸው በቨርጂኒያ ወንጀል የሆነባቸውን ባልና ሚስት እውነተኛ ታሪክ የሚናገር ዝግ ያለ ፊልም ነው። ጉዳያቸው በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሕጉ የተሻረው በእነሱ ስም ነው። ፊልሙ በ9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠራ። በዓለም ዙሪያ ያስገባው 13 ሚሊዮን ቢጠጋ ነው፤ ከዚያም ላይ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ያነሳሉ። «ዋርክራፍት» ደግሞ 160 ሚሊዮን ወጥቶበት ከ430 ሚሊዮን በላይ ያስገባ፣ ተቺዎች ግን ያልወደዱት ፊልም ነው። ኦስካር ላይ ያስጠራት የቱ ነው? 9 ሚሊዮኑ። በአነስተኛ በጀት ፊልም ውስጥ ለመሪ ተዋናይ የሚከፈለው በጀቱን አይቶ ነው፤ 9 ሚሊዮን ለሁሉም መድረስ አለበት፤ ለካሜራ፣ ለአልባሳት፣ ለመኪና፣ ለምግብ፣ ለሠራተኛ። ክብሩ የመጣበትና ገንዘቡ ያለበት ቦታ ይለያያሉ።

እጩነቱስ ራሱ? ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ለእጩ ቀርቶ ለአሸናፊም ገንዘብ አይከፍልም። ሐውልቱን እንኳ መሸጥ አይቻልም፤ ለመሸጥ የፈለገ መጀመሪያ ለአካዳሚው በ1 ዶላር ማቅረብ አለበት። እርግጥ እጩነት ለቀጣዩ ድርድር ጉልበት ይሰጣል፤ ይህን ለጸሐፊው እተውላቸዋለሁ። ጉልበት ግን ገንዘብ የሚሆነው ሰውየው ወደ ገንዘቡ ከሄደ ነው። ሩት በ2018 የት ሄደች? ደብሊን ወደሚገኘው ጌት ቴአትር። ምን ልትሠራ? ሐምሌትን። ከስምንት ዓመት በፊት ኦፊሊያ የነበረችው ልጅ አሁን ራሱን የዴንማርኩን ልዑል ሆና ቆመች። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ያንን ቴአትር የሚያውቅ ሰው ሚናው ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል። በ2020 ይህንኑ ይዛ ብሩክሊን ሄደች። ገንዘብ ያሰከረው ሰው የሚመርጠው መንገድ አይመስልም። በ2022 ከዳንኤል ክሬግ ጋር በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ «ማክቤዝ»ን ሠርታ ለቴአትር ለሚሰጠው ለቶኒ ሽልማት ታጭታለች። ብሮድዌይ ላይ የተዋንያኑ ማኅበር ያስከበረው ዝቅተኛ ክፍያ በዚያን ጊዜ በሳምንት ከ2,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ዝነኛ ከዚያ በላይ ይደራደራል፤ ያም ሆኖ መድረክ ከትልቅ ስቱዲዮ ፊልም ጋር አይወዳደርም።

ጽሑፉ ኔትፍሊክስ ሩት የተወነችበትን «ፓሲንግ» የተባለ ፊልም ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ መግዛቱን ጠቅሶ ከሩት ገቢ ጋር ሊያያይዘው ሞክሯል። ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም። የፊልም መሸጫ ዋጋ የተዋናይ ደመወዝ አይደለም። ገንዘቡ መጀመሪያ ለፊልሙ ገንዘብ ላወጡ ሰዎች ይመለሳል፣ ያሻሻጠው ድርጅት ኮሚሽኑን ያነሳል፣ ፕሮዲዩሰሮች ይካፈላሉ። ተዋናይ ከሽያጭ የሚደርሰው በውሉ ላይ ድርሻ ካለው ብቻ ነው። ዳይሬክተሯ ሬቤካ ሆል ያንን ፊልም በጥቁርና ነጭ ካልሆነ አልሠራም ብላ ገንዘብ ፍለጋ ዓመታት ለፍታለች። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ የሚሰለፍ ሰው ገንዘብ ፍለጋ አይሰለፍም። ሩት ከዚያ ያገኘችው በ2022 የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማት በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ነው፤ የእንግሊዙ የባፍታ ሽልማትና የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር እጩነትም አብሮ አለ።

ሌላው የተረሳው ነገር ውል ላይ የተጻፈውና እጅ ላይ የሚደርሰው ልዩነት ነው። ለምሳሌ የ100,000 ዶላር ውል እንውሰድ። ኤጀንት 10 በመቶ ይወስዳል፣ 10,000 ሄደ። ማናጀር ካላት ቢያንስ ሌላ 10,000። የመዝናኛ ጠበቃ በተለምዶ 5 በመቶ፣ 5,000። ግብር ሳይነካ ቀሪው 75,000 ሆነ። ከዚያ ግብር፤ በአሜሪካ የፌዴራሉ ከፍተኛ እርከን 37 በመቶ ነው፣ የክፍለ ግዛቱ ለብቻው። ከዚያ ደግሞ እስከ ሚቀጥለው ሥራ ድረስ ያለው ባዶ ጊዜ። ያ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። «ይህን ያህል ተከፈላት» የሚለውን ይዞ «ይህን ያህል አላት» ማለት የሱቅን ሽያጭ የባለሱቁ ትርፍ አድርጎ እንደመቁጠር ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ዝነኞቹ ነው። የብዙኃኑ ኑሮ ሌላ ነው። በ2023 የአሜሪካ ተዋንያን ከሐምሌ እስከ ኅዳር 118 ቀን አድማ ሲመቱ ደጋግመው ያነሱት አንድ ነገር ነበር፦ የማኅበሩን የጤና መድን ለማግኘት በዓመት 26,470 ዶላር ማግኘት ያስፈልግ ነበር፤ አብዛኛው አባል እዚያ አይደርስም። ከዚያ አድማ በኋላ እንኳ፣ በ2024፣ ዝቅተኛው የአንድ ቀን ክፍያ 1,200 ዶላር አካባቢ ነበር። ለአንድ ቀን ጥሩ ነው። በዓመት ስንት ቀን ትጠራለህ ነው ጥያቄው።

ሩት ድሃ ናት እያልኩ አይደለም። «ፕሪቸር» አራት ሲዝን፣ 43 ክፍል ሄዷል፤ እሷም ከሦስቱ መሪ ተዋንያን አንዷ ነበረች። «አድ አስትራ» ላይ ሠርታለች። በ2024 በአፕል ቲቪ ከጄክ ጂለንሃል ጋር በ«ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ታይታ ለቴሌቪዥን ሥራ ለሚሰጠው ለኤሚ ሽልማት ታጭታለች። ከሙያዋ በደንብ እንደምትኖር አልጠራጠርም። «በደንብ ትኖራለች» ማለትና ከሰማይ ቁጥር አውርዶ «ሚሊየነሯ» ብሎ ርዕስ ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

ስለ መልክና ዕድል ብዙ አልልም። ቆንጆ ናት፤ ማን ይክዳል። ግን ደብሊንና ለንደን ቆንጆ አጥተው አያውቁም። የሩትን ሥራ ማየት የፈለገ «ላቪንግ» ላይ ስንት ቃል እንደምትናገር ይታዘብ። የምትጫወታት ሚስት፣ ሚልድረድ ላቪንግ፣ ብዙ አታወራም። ፊልሙ የቆመው በዓይኗ፣ በትከሻዋ፣ ስልክ አንስታ በምታዳምጥበት ሁኔታ ላይ ነው። ከዚያ ዞር ብላችሁ «ፕሪቸር» ላይ የምትጫወታትን ቱሊፕን እዩ፤ የቴክሳስ አነጋገር፣ ድብድብ፣ ቀልድ። አንዷ የሌላዋን ድምፅ አትመስልም። ሁለቱም ደግሞ ሩት ስታወራ የምትሰሙትን የአየርላንድ ቅላጼ አይመስሉም። ይሄ የመስተዋት ሥራ አይደለም። ዕድል የለም አልልም፤ ዕድል ግን ትዕይንቷ የተቆረጠ ቀንም ነበር።

ወደሚያሳዝነኝ ነጥብ ልሂድ። «ኢትዮጵያዊነቷን ትታ» የሚለው።

የሩት አባት ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ። እናቷ አገራችን መጥተው ይሠሩ የነበሩ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። ልጅቷ የተወለደችው በደርግ ዘመን ነው። አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ፣ ሊመሪክ ሄደች። ሰባት ዓመቷ ላይ አባቷ በመኪና አደጋ አረፉ። የሆነው ይሄ ነው። የአራት ዓመት ልጅ አገር አትመርጥም፤ እናቷ እጇን ይዘው ይወስዷታል። የሰባት ዓመት ልጅ አባቷን ስታጣ ደግሞ ከአባት አገር ጋር የሚያገናኛት ዋናው ሰው ሄደ። አማርኛውን፣ ዘመዱን፣ በዓሉን ማን ያስይዛት? ይህን ታሪክ እያወቁ «ትታ» ብሎ መጻፍ ከባድ ነው። ካላወቁት ደግሞ ከመጻፍ በፊት ማንበብ ይቀል ነበር።

አድጋ ያስተማራት ማን ነው? የደብሊን ኮሌጅ። የመጀመሪያውን ፊልም ማን ሰጣት? አየርላንድ። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾቿም እነሱ ናቸው። «አይሪሽ ነኝ» ስትል የምትናገረው የኖረችውን ነው። ደግሞም «አይሪሽ ብቻ ነኝ» ስትል አልሰማሁም፤ ስለ ትውልዷና ስለ አባቷ በቃለ ምልልስ ተናግራለች፤ ስሟንም ነጋ ብላ እንደያዘች ነው። ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ልጅ የምታሳድጉ ወገኖች ይሄ አይጠፋችሁም። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጃችሁ «አሜሪካዊ ነኝ» ቢል አገሩን ካደ ትላላችሁ?

ለጸሐፊው የምተወው አለ። የአየርላንድ ጋዜጦችም ስትሸለም «የኛዋ» ይላሉ፤ አዲስ አበባን አንዳንዴ በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛም የድርሻችንን እንውሰድ ማለት ነውር የለውም። ድርሻ መውሰድና ክስ መመሥረት ግን አንድ አይደሉም።

የመጨረሻው ነጥብ በጣም አጭር ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ሁለት መስመር ብትሆን ነው። ብዙ ሰው ቆርጦ ያጋራው ግን እሱን ነው፦ የአገር ቤት ተዋንያን «እንደ እሷ ጠንክረው ቢሠሩ» የሚለውን።

ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር የሚሠሩ ተዋንያን የወር ደመወዝተኛ ናቸው። በሥራ ቀን ልምምድ፣ በሳምንቱ መጨረሻ መድረክ፣ መሐል ላይ የተከታታይ ድራማ ቀረጻ፣ ሲገኝ ማስታወቂያ። ይህን የምታደርግ ሴት ልጅም ታሳድጋለች። አልጠነከረችም የሚላት ሰው አብሯት አንድ ሳምንት ይዋል። ደግሞ ውጤት አላመጡም እንዳይባል፣ ሜሮን ጌትነት የተወነችበት «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት ወስዷል። ያ ፊልም እዚሁ አገር፣ በአማርኛ የተሠራ ነው።

የጎደለው ሥርዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ፊልም በቴሌቪዥን ሲደገም ለተዋናዩ ክፍያ ይመጣል፤ በሁለት ሥራ መሐል ያለውን ባዶ ጊዜ የሚያሻግራቸው አንዱ እሱ ነው። ይህ ከሰማይ አልወረደም፣ ከአንድ ተዋናይ የግል ትጋትም አልመጣም። በ1960 ተዋንያኑ ሥራ አቁመው ነው ለፊልሞቹ ያስከበሩት፤ የጡረታና የጤና ፈንዱም ከዚያ አድማ የመጣ ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ያኔ ሮናልድ ሬገን ነበር። (አዎ፣ ያው ሬገን።) ሩት አሜሪካ ስትገባ ይህ ሁሉ ተነጥፎ ጠበቃት። ዝቅተኛ ክፍያ አለ፣ የሰዓት ገደብ አለ፣ ኤጀንት አለ፣ ውል የሚያነብ ጠበቃ አለ።

እኛ ጋ ሕጉ ራሱ የለም ማለት አይቻልም። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኞችን መብት ያውቃል፤ በ2014 ተሻሽሏል። በተግባር ግን ተዋናይት አንዴ ትከፈላለች፣ ያውም በተባለው ቀን ከተከፈላት። ከዚያ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ይሄዳል፣ ቴሌቪዥን ይገዛዋል፣ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፣ ሚሊዮን ሰው ያየዋል፤ እሷ ጋ የሚመለስ ነገር የለም። ታክሲ ውስጥ ሰው ፊቷን አውቆ ፎቶ አብሯት ይነሳል፤ እሷ ደግሞ ለሒሳቡ ዝርዝር ሳንቲም ትፈልጋለች። ይህቺን ሴት «እንደ ሩት ጠንክሪ» ብሎ መምከር ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ጸሐፊው ብዕራቸው ይጥማል፤ ሰው እንደሚያነባቸውም አይተናል። እንግዲህ የሚቀጥለው ጽሑፋቸው ዶላር መቁጠሩን ትቶ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ተዋናይት የፈረመችውን ውል ይያዝ። ለስንት ቀን ቀረጻ ነው የተፈራረመችው? ከሰዓቱ ሲያልፍ ምን ይከፈላታል? ፊልሙ ለቴሌቪዥን ሲሸጥስ፣ ዩቲዩብ ላይ ሲጫንስ? ፊርማው ከተፈረመ በኋላ የውሉ ቅጂ እሷ እጅ ይገባል ወይስ ፕሮዲዩሰሩ ጋ ይቀራል? ይህን ይጻፉልን፤ እኔም በደስታ አጋራዋለሁ።